በጣና ዳር የፀረ-ተባይ መመረዝ እና የአንቲኦክሲዳንት ሕክምና

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ፀረ-ተባይ ኬሚካል ከእርሻ ሥራ ጋር ተጣብቋል። በፎገራ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም ይረጫል። በመራዊ በኩል የቆጋ መስኖ አትክልት፣ በባሕር ዳር ዙሪያ ደግሞ ጫት አለ። እህል ለሚያከማች ሰው የነቀዝ ክኒን ይቀርባል። መመረዙ አንዳንዴ ያለ ጓንትና ጭምብል ሲረጩ፣ አንዳንዴ ራስን ለመጉዳት ሲባል ይደርሳል። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የተቀመጠውን ደግሞ ልጅ ውኃ መስሎት ያነሳዋል።

ኬሚካሎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሕክምናቸውም እንደዚያው። ማላታዮንና ዲያዚኖን ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ናቸው። ይህ መርዝ አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚይዘው የነርቭ መልእክቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሰውየው ያልበዋል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል። ሳንባው በፈሳሽ ሲሞላ ነው ለሞት የሚቀርበው።

እዚህ ላይ ዋናው መድኃኒት አትሮፒን ነው። በደም ሥር ተሰጥቶ፣ ደረቱ እስኪጠራ መጠኑ በየጥቂት ደቂቃው በእጥፍ ያድጋል። ከዚያ በጠብታ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የባንግላዴሽ ጥናት በዚህ መንገድ ከታከሙት 8 በመቶ፣ በቀድሞው አሰጣጥ ከታከሙት ግን 22.5 በመቶ መሞታቸውን አሳይቷል። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አሰጣጡ ብቻ ነው።

ታዲያ አንቲኦክሲዳንት ለምን ይነሳል? ብዙ ፀረ-ተባዮች ከዋናው ጉዳታቸው ጎን ለጎን ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎችን ያበዛሉ። እነዚህ የሕዋስን ሽፋን ያበላሻሉ፤ አንቲኦክሲዳንት የሚባለው እነሱን የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር ነው። ሰውነት የሚከላከልበት ግሉታታዮንም ያልቃል። ኤን-አሴቲልሲስቲን ይህን ግሉታታዮን ለመተካት ይረዳል፤ በፓራሲታሞል መመረዝ ላይ የታወቀ ማርከሻ ነው። ቫይታሚን ኢ እና ቫይታሚን ሲም ተሞክረዋል። ለኦርጋኖፎስፌት ግን በአትሮፒን ላይ የሚደረቡ እንጂ በቦታው የሚገቡ አይደሉም።

ነገሩ ይበልጥ የሚያጓጓው በነቀዝ ክኒን ላይ ነው። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ሕዋሳት በኦክሲጅን ኃይል የሚያመነጩበትን ሂደት ያቆማል። ልብ ይደክማል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ማርከሻ የለውም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ወደ ኤን-አሴቲልሲስቲንና ቫይታሚን ኢ ያዘነበሉት። ኢራንና ሕንድ ውስጥ የተሠሩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። አንዳንዶቹ የሞት መጠን መቀነሱን አሳይተዋል፤ ሁሉም ግን አይስማሙም። በእኔ እይታ ሌላ አማራጭ በሌለበት መሞከሩ አይነቀፍም፤ «ማርከሻ ተገኘ» ማለት ግን ገና ነው።

ፓራኳት የሚባለው የአረም ማጥፊያ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ሳንባ ውስጥ ተከማችቶ ፍሪ ራዲካል የሚያመርተው በኦክሲጅን ነው። ስለዚህ በሌላ መመረዝ ፈጥኖ የሚሰጠው ኦክሲጅን እዚህ ጉዳቱን ያባብሳል። የታካሚው ኦክሲጅን በጣም ካልወረደ በቀር አይሰጥም። በንድፈ ሐሳብ አንቲኦክሲዳንት ከሁሉም በላይ መሥራት የነበረበት እዚህ ነበር። እስካሁን አስተማማኝ ውጤት አልታየም።

ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ችግሩ መንገዱ ነው። ከደቅ ደሴት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ሐይቁን በጀልባ መሻገር አለበት። በዚህ መሃል ወተት ማጠጣትና በግድ ማስመለስ የተለመደ ነው፤ ሁለቱም አይመከሩም። የሚያስመልስ ሰው፣ በተለይ ራሱን ከሳተ፣ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ኬሚካል የነካውን ልብስ አውልቆ ገላን በሳሙና ማጠብ ይጠቅማል፤ የሚያጥበው ሰው ግን ጓንት ያድርግ፣ ከሌለ እጁን በፌስታል ይሸፍን። ጠርሙሱን ወይም የክኒኑን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዞ መምጣትም ያስፈልጋል፤ ኦክሲጅኑ ይሰጥ ወይስ ይቆይ የሚለውን ሐኪሙ የሚወስነው በውስጡ የነበረውን ሲያውቅ ነው።