ስሙ የተቀየረው ፓላዲየምና ያልተቀየረው ጥርጣሬ

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2002 «ፓላዲየም» በሚል ስም ያስተዋወቀው የደህንነት ቴክኖሎጂ፣ በ2003 መጀመሪያ «የቀጣዩ ትውልድ አስተማማኝ የኮምፒውተር መሠረት» የሚል ረጅምና ለአፍ የማይመች ስያሜ ተሰጠው። አሠራሩ ግን ያው ነበር።

ዋናው ግራ መጋባት «አስተማማኝ» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ የሚታመነው ለማን ነው? በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገጠም አንድ ቺፕ ምስጢራዊ ቁልፎችን ይይዛል፤ በእነዚህ የተቆለፈ ፋይል የሚከፈተውም በዚያው ማሽን ላይ፣ በተፈቀደለት ፕሮግራም ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ማሽኑ ምን ፕሮግራም እያሠራ እንዳለ በኢንተርኔት ለሌላ ወገን ማረጋገጫ መስጠት ይችላል። ስለዚህ ዘፈን የሚሸጥ ድርጅት የራሱን ማጫወቻ ለማይጠቀም ደንበኛ አልልክም ለማለት፣ የጽሑፍ ፕሮግራም አምራችም ሰነዶቹ በተፎካካሪ ፕሮግራም እንዳይከፈቱ ለማድረግ መንገድ ያገኛል።

ኩባንያው ተጠቃሚው ቴክኖሎጂውን ማጥፋት እንደሚችል ተናግሯል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አገልግሎት ሰጪዎች ማረጋገጫውን ግዴታ ካደረጉት፣ ያጠፋው ሰው ከአገልግሎቱ ውጭ ይሆናል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ደህንነት ተመራማሪ የነበረውን ሮስ አንደርሰንን የመሳሰሉ ተቺዎች የሠጉትም ይህንኑ ነበር፤ በእኔ አስተያየት ሥጋታቸው ተገቢ ነበር።

ዕቅዱ በሙሉ መልኩ አልወጣም፤ ከቺፑ ጋር የሚሠራው የዲስክ መቆለፊያ ቢትሎከር ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለገበያ ቀርቧል።