ጌሾ ምንድን ነው? ቅጠሉና እንጨቱስ ለምን ለየብቻ ይሸጣሉ?

ጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ ለጠላ፣ ለአረቄና ለጠጅ የሚገባ ቁጥቋጦ ነው። «ጠላው ሞቅ አላደረገኝም፣ ጌሾ አንሶታል» የሚል ሰው ጥፋቱን የሚያላክከው በማይመለከተው ላይ ነው። ሞቅ የሚያደርገው ከብቅሉና ከእህሉ የሚወጣው ስኳር ሲፈላ የሚፈጠረው አልኮል ነው፤ በጠጅ ደግሞ የማሩ ስኳር። የሚያፈላው እርሾ በጌሾውም፣ በብቅሉም፣ በእንስራውም ግድግዳ ተጣብቆ ይመጣል። የጌሾ ዋና ሥራ ማምረርና መጠበቅ ነው፤ መጠጡን ቶሎ የሚያኮመጥጡ ተዋሲያንን ይገታል። ከቅጠሉ የተገኘ አንድ መራራ ንጥረ ነገር ስሙን ከተክሉ ወስዶ ጌሾይዲን ተብሏል። ቢራ ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት ሆፕ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ ግን ዝምድና የላቸውም።

ተክሉ (ሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ) ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል። ቅጠሉ ጠርዙ ጥርሳም ነው፤ ላዩ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። አበባው ትንሽና አረንጓዴማ ስለሆነ ሰው ሳያየው ያልፋል፣ ንብ ግን አታልፈውም። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ይጠቁራል።

በጎጃም ጌሾ በብዛት የጓሮ ተክል ነው። በጣና ሐይቅ ዳር ያለው ዘጌ ግን ለየት ይላል። እዚያ በገዳማቱ ሥርዓት ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ስለሆነ፣ ጌሾ ከቡናና ከፍራፍሬ ጋር በዛፍ ጥላ ሥር የሚለማ የኑሮ መሠረት ሆኗል።

ለማልማት የጠቆረውን ፍሬ ለቅሞ፣ ሥጋውን በውሃ አሽቶ ዘሩን መለየት ያስፈልጋል። በበጋ መደብ ላይ ተዘርቶ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ችግኝ፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ሲሆን ሐምሌ ላይ ይተከላል። ጉድጓዱ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ ፍግ ይግባበት፤ በተክሎቹ መካከል ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይተው። ቀይ አፈር ይስማማዋል። ክረምት ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ላይ ከተተከለ ግን ሥሩ ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ ቅጠሉ ሲገረጣ ሰው ውሃ ጠማው ብሎ ይጨምርለታል፣ ያኔ አለቀለት። ቅጠል መልቀም ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዓመት በፊት ባይጀመር ይሻላል። ቅጠሉ ወደ ታች ሲገሸለጥ ልጡን ይዞ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ወይም ከነቀንበጡ በስለት ይቆረጣል። ለእንጨት ሲፈለግ ቅርንጫፉን ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በሰያፍ መቁረጥ ነው፤ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ማድረቁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቅጠሉ በጥላ፣ በስሱ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የዋለ ይገረጣል፣ ሳይደርቅ የተከመረ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ሞቆ ይጠቁርና ይሻግታል። ገዢ ጨብጦ ሲያሸው ኮሽ ብሎ መሰባበር አለበት፤ ከተጣጠፈ ገና ነው። የተወቀጠውን ከመግዛት ቅጠሉን ገዝቶ ቤት መውቀጥ ይመረጣል፣ ዱቄት ውስጥ ምን እንደተደባለቀ አይታይምና።

የተወቀጠው ቅጠል በብዛት ለጠላና ለአረቄ ነው። በግራዋ ታጥቦ በወይራ ወይም በጥንጁት በታጠነ እንስራ ከውሃ ጋር ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ጥንስስ ማለት ይህ ነው። ብቅሉ፣ ቂጣውና እንኩሮው (በውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ የታመሰው ዱቄት) ቀጥለው ይገባሉ። ለመነሻ ያህል አንድ ጣሳ ጌሾ፣ ሁለት ጣሳ ብቅል፣ ስድስት ጣሳ የተቆላ እህል ዱቄት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የባለቤቷ እጅ ነው። ጌሾ ሲበዛ ጠላው ይመራል እንጂ አይበረታም።

እንጨቱ የጠጅ ነው፤ ዱቄት ጠጁን ያደፈርሰዋል፣ እንጨት ግን ምሬቱን ሰጥቶ ይወጣል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ተበርዞ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ሰፈፉ ይገፈፋል። ለአንድ ኪሎ ማር 100 ግራም ያህል የታጠበና የተሰነጠቀ እንጨት ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶለት እሳት ላይ ይፈላና፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ትኩሱን መመለስ እርሾውን ይገድለዋል፤ «ጠጄ አልፈላ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጠጁ ለመድረስ በቆላ አምስት ቀን ያህል፣ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ብርድ አገር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በየቀኑ ይማሰላል፤ ምሬቱ ልክ ሲሆን እንጨቱ ይወጣል።