ዶክተር ጂን ሲንክፎርድ፦ በአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅን የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት

ጥቁር አሜሪካዊቷ ዶክተር ጂን ክሬግ ሲንክፎርድ በአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ዲን ሆነው የተሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሹመቱን ያገኙት በ1975 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ፣ በአብዛኛው ጥቁሮች የሚማሩበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ። ሉሲ ሆብስ ቴይለር በአገሪቱ በጥርስ ሕክምና የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው በ1866 ነበር። ከዚያ በኋላ 109 ዓመት ሙሉ የዲን ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት የለችም፤ ነጭም ሆነ ጥቁር።

የሃዋርድ የጥርስ ሕክምና ትምህርት የተጀመረው በ1881 ነው። ያኔ የደቡብ ትምህርት ቤቶች በር ለጥቁር ተማሪ ዝግ ነበር። በሰሜኑ አልፎ አልፎ የሚሳካለት ይኖራል፤ ሮበርት ታነር ፍሪማን በ1869 ከሃርቫርድ ተመርቋል። ናሽቪል ያለው የሜሃሪ ኮሌጅ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ደግሞ በ1886 መጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት አብዛኞቹን ጥቁር የጥርስ ሐኪሞች ያፈሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሃዋርድ ለእኛም ባዳ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና ያጠኑት እዚያው ነው። ዛሬም ከግቢው ወረድ ሲሉ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም።

ሲንክፎርድ የተወለዱት እዚያችው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ1933 ነው። ልጅ ሳሉ ባሌ ይደንሱ ነበር። ሃዋርድ የገቡት ገና በ16 ዓመታቸው ሲሆን፣ በ1958 ከጥርስ ሕክምና ክፍላቸው አንደኛ ሆነው ወጡ። ጥቂት ካስተማሩ በኋላ ወደ ቺካጎ ሄደው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ማስተርሳቸውን፣ ከዚያም በ1963 በፊዚዮሎጂ ፒኤችዲያቸውን ያዙ። ክሊኒክ ከፍቶ ገንዘብ መሥራት ለሚችል ሰው ይህ ረጅም መንገድ ነው። ግን የዘመኑን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። በደቡብ ግዛቶች የሙያ ማኅበራቱ ጥቁር ሐኪምን እስከ 1960ዎቹ ድረስ አያስገቡም ነበር። ሴት ደግሞ በክፍሉ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ብትገኝ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሌላው በአንድ ዲግሪ የሚያልፈውን እሳቸው በሦስት ማለፍ ነበረባቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በ1964 ሃዋርድ ተመልሰው የወለቀና የተጎዳ ጥርስን በሰው ሠራሽ የመተካት ትምህርት ክፍልን መሩ። እንዲህ ያለ ክፍል የመራች ሴት በአሜሪካ ከእሳቸው በፊት አልነበረችም። በ1967 ምክትል ዲን ሆኑ። የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። የአርባ ዓመት ሴት፣ ያውም ምክትል ዲን፣ ሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደ አዲስ ሐኪም የልጆችን ጥርስ ሕክምና ሠለጠኑ።

ስለ ሲንክፎርድ ሲጻፍ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ይጎላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ዲን ሆነው የቆዩባቸው 16 ዓመታት ናቸው። ዘመኑ ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ክፉ ነበር። ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ያለበት ውኃና የጥርስ ሳሙና የልጆችን ጥርስ መበላሸት ቀነሰው፤ የሐኪም ፈላጊውም አነሰ። የፌዴራል መንግሥት ለኮሌጆቹ ይሰጥ የነበረው ገንዘብ ሳሳ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጨረሻ መካከል አዲስ ገቢ ተማሪ ከሲሶ በላይ ቀነሰ። የጥርስ ኮሌጅ ደግሞ ወጪው ዋዛ አይደለም። ተማሪው በአስተማሪ ፊት ሕመምተኛ እያከመ ስለሚማር ወንበሩ፣ መሣሪያውና ላብራቶሪው ሁሉ ከኮሌጁ ኪስ ይወጣል። ከሀብታሞቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች አንዳንዶቹ ሒሳቡን አይተው ተዉት። እዚያው ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ኮሌጁን በ1990 ዘጋ። ሴንት ሉዊስ ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1991 ተከተለ። እሳቸው የተማሩበት ኖርዝዌስተርንም የጥርስ ኮሌጁን በ2001 ዘጋ።

የሃዋርዱ አልተዘጋም። ይህ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ግን በዚያ ማዕበል መሪውን የያዙት እሳቸው ነበሩ።

በ1991 ዲንነቱን ለቀው ወደ አሜሪካ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ማኅበር ሄዱ። እዚያ ሴቶችንና አናሳ ብሔሮችን የሚመለከተውን ሥራ መሩ። ሴቶች ወደ አመራር የሚወጡበትን ሥልጠናና ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች አዘጋጁ። ዛሬ ከሚገቡት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። የጥቁሮቹ ጉዳይ ግን እንዲያ አልሄደም። ከሕዝቡ 13 በመቶ ገደማ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ከጥርስ ሐኪሞቹ ጥቁር የሆኑት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።