ሚዲ ኪቦርድ ምንድን ነው? ድምፁስ የሚመጣው ከየት ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ የቤት ስቱዲዮ ለማቋቋም የሚነሡ ወጣቶች ሚዲ ኪቦርድ ሲገዙ አስቀድመው የሚጠይቁት «ድምፁ እንዴት ነው?» ብለው ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ የአንዱን ሞዴል ድምፅ «ቀጭን ነው» ብሎ ካጣጣለ በኋላ፣ ጥራት ያለው የዩኤስቢ ኬብል ቢገዛለት እንደሚወፍር በልበ ሙሉነት መክሯል። ይህን አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ስለማይጠፋ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሚዲ ኮንትሮለር (መቆጣጠሪያ) የሚባለው ይህ ኪቦርድ ሌላ መሣሪያን የሚያዝ እንጂ የራሱ ድምፅ የለውም። ቁልፉ ሲነካ በኬብሉ የሚሄደው የቁጥር መልእክት ብቻ ነው፤ የትኛው ኖታ እንደተነካ (መካከለኛው ሲ 60 ነው)፣ ከ1 እስከ 127 ባለው ልክ በምን ያህል ፍጥነት እንደወረደ፣ በየትኛው ቻናል እንደተላከ ይናገራል። ቁልፉ ሲለቀቅ ሌላ መልእክት ይከተላል። ድምፁን የሚፈጥረው የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ወይም በኬብሉ ማዶ ያለው ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚያመነጭ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ነው።

የባቡር ጣቢያን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የድሬዳዋው ጣቢያ ኃላፊ ለቀጣዩ ጣቢያ ደውሎ «ባቡሩ ተነሥቷል፤ ጭነቱ ከባድ ነው» ቢል፣ በስልኩ ሽቦ ያለፈው ወሬው ነው፤ የሐረርጌ ቡና በሽቦው ውስጥ አላለፈም። ሽቦው በወርቅ ቢለበጥም ቡናው አይጣፍጥም። በዚያው ሽቦ 16 ጣቢያዎች ቢያዳምጡና እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ሲጠራ ብቻ ቢታዘዝ፣ ቻናል ማለት ይኸው ነው። «ተነሥቷል» ተብሎ «ደርሷል» የሚለው መልእክት ቢጠፋ ደግሞ ተቀባዩ ባቡሩን ገና በጉዞ ላይ እንዳለ ይቆጥረዋል፤ ጣት ከተነሣ በኋላ ሳያቋርጥ የሚጮኸው ኖታ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ኖቦቹና (የሚዞሩት) ፌደሮቹም (የሚንሸራተቱት መቆጣጠሪያዎች) ቁጥር ከመላክ ያለፈ ሥራ የላቸውም። የድምፅ መጠን የተጻፈበትን ፌደር ማንቀሳቀስ ብዙውን ጊዜ የ7ኛውን ኮንትሮል መልእክት ይልካል፤ ሶፍትዌሩ ያን መልእክት እንዲቀበል ካልተስተካከለ ምንም አይለወጥም። ከኋላ ያለውን ባለ 6.35 ሚሊሜትር ቀዳዳ አይቶ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካ ብዙ ነው፤ ቀዳዳው ግን በአብዛኛው የሰስቴይን ፔዳል (ጣት ከተነሣ በኋላም ኖታውን የሚያስቀጥለው የእግር መርገጫ) ነውና የሚሰማ ነገር የለም። ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ ተቋርጦ ሲለቀቅ የሚቀጥል ከሆነም አልተበላሸም፤ በብዙ ሞዴሎች እግርን ከፔዳሉ አንሥቶ ኪቦርዱን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል።

ቁልፉ ከተነካ በኋላ ድምፁ «ይዘገያል» የሚለው በኪቦርዱ ላይ የሚነሣ ክስም በአብዛኛው ያለቦታው የሚቀርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ባለ አምስት ፒን ማገናኛ እንኳ፣ በሰከንድ 31,250 ቢት ስለሚያልፍ አንድ ኖታ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ቢወስድ ነው። መዘግየቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሳውንድ ካርዱ በፈር፣ ማለትም ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ከሚጠራቀምበት ማቆያ ነው፤ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ሲሆን 512 ሳምፕል ወደ 12 ሚሊሰከንድ ሲጨምር፣ 128 ሳምፕል ግን 3 ሚሊሰከንድ አይሞላም።

የቅኝት ነገር ለሚያሳስበን ደግሞ ፒች ቤንዱ (የኖታውን ከፍታ የሚያንሸራትተው መቆጣጠሪያ) ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ16,384 ደረጃዎች መሐል 8,192 ላይ የሚያርፈው ይህ መቆጣጠሪያ የቻናሉን ኖታዎች በሙሉ አብሮ ያንሸራትታል። ስለዚህ የማሲንቆን መንሸራተት ለማምጣት የሚፈልግ ሰው ዜማውን ከአጃቢው ለይቶ በሌላ ቻናል ይላከው።

በኪቦርዱ በራሱ ላይ ሊፈተሽ የሚገባው የቁልፉ ስሜት ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መገናኛዎች አሉ፤ ፍጥነቱ የሚለካው በሁለቱ መነካካት መካከል ባለው ጊዜ ነው። የድሬ አቧራ እዚያ ሲገባ ቁልፉ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ በቀስታ ቢነካም 127 ይልካል። ስለዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ለሚሄድ ሰው የምመክረው፣ ላፕቶፑን ይዞ ሄዶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በቀስታም በኃይልም እየነካ ሶፍትዌሩ የሚያሳየውን የቬሎሲቲ (የቁልፉ ፍጥነት) ቁጥር እንዲያነብ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የሚዘል ቁልፍ ካለ ሌላ ያስቀይር።