የካምቢዮ ኮምፒውተር «ሪሴት» ምንድን ነው? ባትሪ ሲቀየርስ ያስፈልጋል?

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (በዘይት ግፊት ተጣብቀው ማርሽ የሚያስይዙ ሳህኖች) ከአገልግሎት ብዛት እየሳሱ ሲሄዱ፣ ለመያዝ ከበፊቱ የበለጠ ዘይት ይፈልጋሉ። ኮምፒውተሩ ይህን እየተከታተለ የዘይቱን ግፊት ያስተካክላል፤ ያገኘውንም ልክ ይመዘግባል። ሪሴት ማለት ይህን መዝገብ አጥፍቶ ከፋብሪካው መነሻ ልክ እንደገና እንዲማር ማድረግ ነው።

ባትሪ ሲነቀል መዝገቡ መጥፋት አለመጥፋቱ እንደ መኪናው ነው። በቆዩ ሞዴሎች ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ማርሽ ሲቀየር ሊመታ ወይም ሊዘገይ ይችላል። በብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ግን አይጠፋም። የብዙ ቶዮታዎች የጥገና መመሪያም የኔጋቲቭ ገመዱን መንቀል ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሪሴቱ በመመርመሪያ ማሽን መደረግ እንዳለበት ይናገራል።

ታዲያ ባትሪ ከተቀየረ በኋላ «ዲ» ሲገባ መኪናው የሚንቀጠቀጠው ወይም የሚጠፋው ለምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካምቢዮው ሳይሆን የሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ነው። የትሮትሉ (ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) ክዳን ጠርዝ ላይ ጥቁር ካርቦን ሲጋገር የሚገባው አየር ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጎ ያካክሰው ነበር፤ ባትሪው ሲነቀል ይህን ይረሳል፣ ሚኒሞም ይወርዳል። ትሮትሉን ማጽዳት ይቀድማል።

ከዚያ ሚኒሞውን ማስተማር ነው። በብዙ ፎርዶች ማርሹን «ፒ» ላይ አድርጎ ሞተሩን በደንብ ማሞቅ፣ ቢያንስ 1 ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት፣ ኤሲ ከፍቶ 1 ደቂቃ መድገም፣ ፍሬን ረግጦ «ዲ» ላይ ሌላ 1 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 16 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ነው። በብዙ ሆንዳዎች ኤሌክትሪክ የሚበላውን ሁሉ አጥፍቶ፣ የራዲያተሩ ፋን እስኪነሳ በደቂቃ በ3,000 ዙር ማሞቅና 5 ደቂቃ ያህል ነዳጅ ሳይረግጡ መተው ነው። ካምቢዮው ራሱ መዝገቡን ካጣ ደግሞ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ከቆመበት በቀስታ ተነስቶ ሁሉም ማርሽ እስኪገባ መንዳት፣ በቀስታ መቆም፣ ይህንኑ ደጋግሞ ማድረግ ይጠቅመዋል። እንደ ሪሴት ዘዴ የሚነገረው፣ ነዳጅ ፔዳልን እስከ ወለሉ ረግጦ መጠበቅ፣ ለሁሉም መኪና የሚሠራ አይደለም።

ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቭ ይቀድማል፣ ሲታሰር መጨረሻ ይሆናል። የላላ ተርሚናል ቮልቴጅ እያወረደ ካምቢዮውን አንድ ማርሽ ላይ ሊያስቀረው ስለሚችል፣ ሞተር እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መኖሩን ይለኩ።

በማሽን ሪሴት ማድረግ የሚገባው ካምቢዮ ሲታደስ ወይም ሶሌኖይድ (የዘይቱን ፍሰት በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ቫልቭ) ሲቀየር ነው። ፍሪሲዮኑ ባለቀ ካምቢዮ ላይ ከተደረገ፣ ደግፎ ያቆየው ማካካሻ ይጠፋና መንሸራተቱ ሊብስ ይችላል።