«ኤችዲ ዲቪዲ» ሲባል ዲቪዲ ማለት ነውን?

ደሴ ፒያሳ ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ገብቶ ፊቱ ላይ «ኤችዲ ዲቪዲ» የተጻፈበት ዴክ ያየ ሰው፣ ጥራቱ ላቅ ያለ የዲቪዲ ማጫወቻ መስሎት ቢገዛው አይፈረድበትም፤ ስሙ ራሱ አሳሳች ነውና። ኤችዲ ዲቪዲ ግን በቶሺባ መሪነት የወጣ፣ ከሶኒና ከአጋሮቹ ብሉ-ሬይ ጋር ገበያ የተሻማ ራሱን የቻለ የዲስክ ዓይነት ነበር።

ሁለቱም እንደ ተራው ዲቪዲ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው፤ የሚነበቡትም የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖ ሜትር በሆነ አንድ ዓይነት ሌዘር ነው። ታዲያ የአንዱ ዲስክ በሌላው ዴክ ስለምን አይሠራም? ዋናው ልዩነት መረጃው ያረፈበት ጥልቀት ነው፤ በብሉ-ሬይ መረጃው ከዲስኩ ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ሲቀመጥ፣ በኤችዲ ዲቪዲ ግን ልክ እንደ ዲቪዲው 0.6 ሚሊ ሜትር ይገባል። ወደ ገጹ መቅረቡ ጨረሩን ይበልጥ አጥብቦ ለማነጣጠር ስላስቻለ፣ ብሉ-ሬይ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ሲይዝ ተፎካካሪው በ15 ተወስኗል። በአንጻሩ ኤችዲ ዲቪዲን በነባሩ የዲቪዲ ማምረቻ መሣሪያ፣ መጠነኛ ማሻሻያ ብቻ አድርጎ፣ ማምረት ይቻል ነበር፤ ይህም ለፋብሪካዎች ቀላል ጥቅም አልነበረም።

ፉክክሩን የቋጨው ግን የፊልም አቅርቦት ነው። ዋርነር ብራዘርስ በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ፊልሞቹን በብሉ-ሬይ ብቻ ወደ ማውጣት እንደሚዞር አስታወቀ፤ ቶሺባም በየካቲት እጁን ሰጠ። ያ የፒያሳው ዴክ ዛሬም ተራ ዲቪዲ ሊያጫውት ይችላል፤ ብሉ-ሬይ ግን ቢጎርስም አያነብም።