ቴርማል «አለ» ይልሃል እንጂ «እገሌ ነው» አይልህም

የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ፣ ኖርዘምበርላንድ ነው። እንጀራዬ ቀበሮና አጋዘን ናቸው። በግ አርቢው ግልገል የሚወስድበትን ቀበሮ ሌሊት እተኩሳለሁ። ደን አልሚው ችግኝ የሚግጥበትን አጋዘን ደግሞ ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ። ከጠመንጃዬ እኩል የማልለያት ዕቃ ቴርማል የምንላት የሙቀት ማያ ናት። በአንድ እጅ ትያዛለች፣ በአንድ ዓይን ትታያለች፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

ኒውካስል ያሉ ወዳጆቼ ቡና ሲጠሩኝ «ያቺን ነገር ይዘሃት ና» ይላሉ። ይዤ እሄዳለሁ። ከዚያ ወሬው ሁሌም ያው ነው። አንዱ «በግድግዳ ታሳያለች አይደል?» ይላል። ሌላው «እሷ ካለች ምን ችግር አለ፣ አይቶ መተኮስ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ያስቀኝ ነበር። ሁለተኛው ግን አሁን አሁን ያናድደኛል፤ ጠመንጃ ከያዙ ሰዎች አፍም እሰማዋለሁና።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላንሳ።

«ቀይ ቀበሮ ትገድላለህ?»

አክስቴ ከአዲስ አበባ በስልክ ጮኻብኛለች። «አንተ ልጅ፣ ያችን የባሌዋን?» አይደለም፣ እትዬ። እኛ ቀይ ቀበሮ የምንላት የባሌና የሰሜን ተራሮች እንስሳ በዘሯ ወደ ተኩላ ትቀርባለች። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ወደ 500 ብቻ ናቸው። የእንግሊዙ ቀይ ቀበሮ ሌላ ፍጡር ነው። ከአውሮፓ እስከ ጃፓን ሞልቷል፤ ለንደን ውስጥ ቆሻሻ ገንዳ ሲፈትሽ ታገኘዋለህ። በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። አጋዘንም እንዲሁ ነው። የኛ አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። የዚህ አገሩ በየዓመቱ አራግፎ አዲስ ያበቅላል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

«በግድግዳ ታሳያለች»

በግድግዳ ቀርቶ በመስኮት መስታወት አታሳይም። ቴርማል የምታነበው ከዕቃው ገጽ የሚወጣውን ሙቀት ነው። ያ ጨረር ተራ መስታወትን አያልፍም። ሌንሷም ለዚህ ነው ከጀርማኒየም የሚሠራው፤ ዋጋዋ የሚያስደነግጠውም በከፊል በዚሁ ነው። አንድ ቀን ለወዳጄ ልጅ ሰጠሁትና ወደ መስኮቱ አዞረው። ውጭውን ጎዳና አገኛለሁ ብሎ የራሱን ነጭ መንፈስ አየና ጮኸ። ጀበናዋን ሲያይ ደግሞ ማመን አቃተው። ሆዷ እንደ ፋኖስ ይበራል፣ አንገቷ ደብዘዝ ይላል። ግድግዳውን በመዳፉ ነክቶ ሲያነሳ የአምስት ጣቱ አሻራ ለጥቂት ጊዜ እያበራ ቀረ።

«ልብስ ታሳልፋለች»

አታሳልፍም። የምታየው የልብሱን ሙቀት ነው። አርፋችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

«ናይት ቪዥንና ቴርማል አንድ ናቸው»

አይደሉም። ናይት ቪዥን የሚባለው የጨለማ ማያ ብርሃን ይፈልጋል፤ የኮከብም ቢሆን፣ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ባትሪም ቢሆን። ቴርማል ምንም ብርሃን አትፈልግም። ለዚህም ነው ሁለቱንም የምይዘው። አንዷ ታገኛለች፣ ሌላው ይለያል። ይህ ልዩነት ነው ወደ ዋናው ጉዳዬ የሚወስደኝ።

«1800 ሜትር ታያለች፤ አየኸው ማለት አወቅኸው ማለት ነው»

ይቺን ነው የማልታገሳት። ሰውዬው ሱቅ ይገባል፣ ሳጥኑ ላይ «1800 ሜትር» የሚል ያነባል፣ ገዝቶ ይወጣል። በ1800 ሜትር ቀበሮ ከውሻ የሚለይ ይመስለዋል። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን የማግኘት ርቀት ነው። «እዚያ ጋ አንድ ሞቃት ነገር አለ» ከማለት አያልፍም። ያውም ብዙ ጊዜ የሚለካው በቆመ ሰው ቁመት ነው፣ በቀበሮ አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ከባድ አይደለም። የኔዋ ሌንስ 35 ሚሊ ሜትር ነው። የሴንሰሯ አንድ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባት አንዲት ነጥብ፣ 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው። ይህ ማለት በ1000 ሜትር ላይ አንድ ፒክስል 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በ1800 ሜትር 62 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እዚያ ላይ የቆመ ሰው ቁመቱ ሦስት ፒክስል ነው። ሦስት! ሰው መሆኑን የሚነግርህ ልብህ ነው እንጂ ምስሉ አይደለም።

አሁን ወደ ቀበሮ እንምጣ። ከጭራው በቀር ርዝመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍ፣ ትከሻው 40 አይሞላ። በ300 ሜትር ላይ ስድስት ፒክስል በአራት ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ጆን ጆንሰን የተባለ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪ ይህን ጉዳይ በመስፈርት አስቀምጦታል። ወደ ዛሬው ፒክስል ሲመነዘር፣ አንድ ነገር መኖሩን ለማወቅ በጠባቡ ጎኑ ሁለት ያህል ይበቃል። ዓይነቱን ለመገመት ስምንት ያህል፣ በትክክል ለመለየት ደግሞ 13 ግድም ያስፈልጋል። አራት ፒክስል ይዘህ «ቀበሮ ነው» ካልክ እየገመትክ ነው። በጥይት ደግሞ ግምት የለም።

ሌላም ጣጣ አለ። በቴርማል ጨለማ ውስጥ ርቀት አይታወቅም። በ80 ሜትር ያለች ጥንቸል በ200 ሜትር ያለ ቀበሮ ታክላለች። ቀን ላይ ዓይንህ ከዛፉ፣ ከአጥሩ፣ ከሣሩ ጋር እያነጻጸረ ይለካል። ሌሊት በስክሪኑ ላይ ያለችው አንዲት ነጭ ነጥብና ግራጫ ሜዳ ናቸው።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። በጎች የሚወልዱበት ወቅት ነበር፣ ኤፕሪል። አንድ ገበሬ ደውሎ «ማታ ማታ በካቡ ሥር ይመጣል፣ ሦስት ግልገል ወስዷል» አለኝ። የዚህ አገር ማሳ በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው፤ ወሎ ወይም ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ካብ ሲያይ ሆዱ ይባባል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ላይ ኮረብታው ጥግ ተቀምጫለሁ። ቴርማሏን ሳዞር ካቡ ሥር አንድ ነጭ ነገር ይሄዳል። ሄደት ይላል፣ ይቆማል፣ አፍንጫውን መሬት ይሰድዳል፣ እንደገና ሄደት። ልክ ገበሬው እንዳለው። ጭራው ወፍራም መሰለኝ። አየሁት አላልኩም፣ መሰለኝ ነው ያልኩት። ሰው የጠበቀውን ነው የሚያየው።

ጠመንጃዬን ምርኩዙ ላይ አሳረፍኩ። ጠመንጃው ላይ ያለው ናይት ቪዥን ነው። ኢንፍራሬዱን ስከፍት አንገቱ ላይ አንድ ቀለበት ቦግ አለ። የሚያንጸባርቅ የውሻ አንገትጌ! አፈሙዙን ወደ መሬት መለስኩና ቴርማሏን እንደገና አነሳሁ። ከውሻው ጥቂት እርምጃ ቀደም ብሎ፣ ከካቡ በላይ የሰው ራስና ትከሻ ብቅ አለ። ከማዶ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ዝቅ ያለ። ሰውዬው ያን ያህል ጊዜ እዚያው ነበር። ድንጋዩ ሙቀቱን ጋርዶት ነው ያላየሁት። «በግድግዳ ታሳያለች» ለሚሉኝ አሁን የማልስቀው ለዚህ ነው።

ጥይቷን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ለገበሬው ስነግረው ረጋ ብሎ «ታዲያ ቀበሮው ስንት ሰዓት መጣ?» አለኝ።

«ጠመንጃው ላይ ቴርማል ካለ የእጅ አያስፈልግም»

ይህ የቆጣቢዎች ክርክር ነው። «ሁለት ከምገዛ አንዷን ጠመንጃው ላይ ልግጠም።» ጥሩ፣ ግን ሜዳውን በምን ልታስስ ነው? በጠመንጃው ነዋ! ማለትም ያየኸውን ሁሉ፣ በግም ሆነ ላም ወይም የውሻ ባለቤት፣ አፈሙዝ ደግነህበት ነው የምታየው። ያን ምሽት በጠመንጃ ስኮፕ፣ በማነጣጠሪያው መነጽር፣ ባስስ ኖሮ የዚያ ሰው ራስ መስቀለኛዋ መሃል ላይ ነበር ብቅ የሚለው። ገንዘብህ ለአንድ ብቻ ከበቃ የእጇን ግዛ። ጠመንጃው ላይ ደህና ባትሪና ተራ ስኮፕ ይበቃል። እኔ ዓመታት የሠራሁት እንደዚያ ነው።

«ለአጋዘን የሌሊት ዕቃ ናት»

እዚህ ላይ ሕግ አለ። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ1991 የአጋዘን ሕግ ጀንበር ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት በፊት ድረስ አጋዘን መተኮስ ይከለክላል። የተለየ ፈቃድ ካላወጣህ በቀር። ቀበሮ በዚህ አይገዛም፤ የመሬቱ ባለቤት ከፈቀደ ሌሊትም ይተኮሳል። ስለዚህ ለአጋዘን ቴርማል የጎህ ዕቃ ናት። ጫካው ገና ግራጫ ሳለ፣ ባዶ ዓይን ግንድ ብቻ በሚያይበት ሰዓት፣ ከቅጠሉ መሃል የሚያበራ ጆሮ ታሳይሃለች። ከዚያ ኪስህ ትከታትና ባይኖኩላርህን፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር፣ ታነሳለህ።

ለምን ባይኖኩላር? ያልኩትን ቀንድ አስታውሱ። ሮ የሚባለው ትንሹ አጋዘን በብርዱ ወራት ቀንዱን ሲያበቅል ጸጉራም ቆዳ ይለብሰዋል። ውስጡ ደም ይዘዋወራል፣ በቴርማል እንደ ሻማ ይበራል። ጸደይ ላይ ቆዳው ተልጦ ሲወድቅ የሚቀረው ደረቅ አጥንት ነው፣ ቀዝቃዛ። ከጀርባው ቅጠል ጋር ይመሳሰልና ይጠፋል። የወንዱ አደን የሚፈቀደው ደግሞ ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 ነው፣ ማለትም ቀንዱ በማይታይበት ወቅት። ሰኔ ላይ በቴርማል ብቻ «ወንድ ነው» ብለህ ብትተኩስ የጣልካት እናት ልትሆን ትችላለች። ግልገሏ ሣሩ ውስጥ ተኝቶ ሲጠብቃት ይውላል። የገባኝን ያህል ለጀማሪ ሁሉ ይህን እነግራለሁ። ግማሾቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ዋጋዋን ይጠይቁኛል።

«ጭጋግም ዝናብም አይበግራትም»

ይበግራታል። ወፍራም ጭጋግ ርቀቷን ይበላዋል። ረጅም ዝናብ ድንጋዩንም ሣሩንም አንድ ሙቀት ያደርገውና ስክሪኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ፀሐያማ ቀን ደግሞ በተቃራኒው ያታልላል። ድንጋዩ ሙቀቱን ይዞ ያመሽና እያንዳንዱ ቋጥኝ የተኛ እንስሳ ይሆናል። ፍልፈል የቆፈረው አፈር ሳይቀር ያበራል። ፀሐይን በቀጥታ አታሳያት፣ ሴንሰሯ ሊቃጠል ይችላል። ባትሪዋን በብርድ ቀን ደረትህ ላይ ያዛት። ምስሏን ስታስተካክል «ቀጭ» የምትለዋን ድምፅ ቀበሮ ይሰማታል፤ ከተጠጋህ ቀድመህ አስተካክል። የስክሪኑ ብርሃን ፊትህ ላይ እንዳያርፍ የዓይን ጎማውን አጥብቀህ ያዝ። ነፋሱን ደግሞ ማንም ዕቃ አይተካልህም። ስንቱን አየሁ፣ ከእኔ ደመወዝ የሚበልጥ ቴርማል አንግቶ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ የሚሄድ።

«የተመታውን ታገኝልሃለች»

ሜዳ ላይ ከሆነ አዎ፤ ሬሳው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ደሙ ግን በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል። ፈርን የሚባለው ረጅም ቅጠላም ተክል ውስጥ ከገባ ደግሞ ቅጠሉ እንደ ካቡ ይጋርዳል። ባለፈው መኸር አንድ አጋዘን ከተመታ በኋላ ሮጦ ፈርኑ ውስጥ ገባ። ቴርማሏን ይዤ ግማሽ ሰዓት ወዲያ ወዲህ አልኩ፤ ያገኘሁት ሁለት ጥንቸልና አንድ የተኛ ወፍ ነው። በመጨረሻ መኪናው ውስጥ ትጮህ የነበረችውን ውሻዬን ፈታኋት። አርባ እርምጃ ያህል ሄደች፣ ፈርኑ መሃል ገባችና ጭራዋ ብቻ ሲወዛወዝ ታየኝ።